«ወላጅ አምጣ» እና ሌሎች የትምህርት ቤት ምክር አገልግሎት ስህተቶች

ከሁሉ የከፋው «ወላጅ አምጣ» ነው። ልጁ ረበሸ፣ ውጤቱ ወረደ ወይም ዝምታ አበዛ፤ መልሱ አንድ ነው፦ «ነገ ወላጅህን ይዘህ ና፤ አለበለዚያ ክፍል አትገባም»። የተጨነቀው ልጅ የገዛ ክሱን ተሸክሞ ወደ ቤት ይሄዳል። ቤት ውስጥ ዱላ ካለ፣ ዱላውን የጠራበት ትምህርት ቤቱ ነው። በቀን ሥራ የምትተዳደር እናት የዕለት ገቢዋን ትታ ትመጣለች፤ ካልቻለች ልጇ ከግቢ ውጭ ይውላል፣ ወይም አንዱን የሰፈር ጎረምሳ «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞ ይመጣል። ጎረምሳው «እሺ፣ እመክረዋለሁ» ብሎ ሲወጣ ጉዳዩ እንደተፈታ ይመዘገባል። ልጁን ግን ማንም አልሰማውም። ይህ አሠራር መቅረት አለበት!

መጀመሪያ ልጁን ብቻውን ስሙት። «ቤት ብንደውል ምን ይመጣል ብለህ ትፈራለህ? ከቤተሰብህ ማን ቢመጣ ይሻልሃል?» በሉት፤ አያቱን ወይም ታላቅ እህቱን ሊመርጥ ይችላል። ከዚያ ራሳችሁ ደውሉ። ከትምህርት ቤት የተደወለለት ወላጅ ቀድሞ የሚታየው አደጋ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ቃላችሁ ልጁ ደህና መሆኑ ይሁን። ቀጥላችሁ በዓይናችሁ ያያችሁትን ተናገሩ፦ «ሁለት ሳምንት ሆነው፤ በእረፍት ሰዓት ብቻውን ይቀመጣል፣ ምሳውን አይበላም»። «ልጅዎ ችግር አለበት» ከተባለ ወላጅ ወይ ይቆጣል ወይ ያፍራል፤ ሁለቱም ጆሮ ይዘጋሉ። ሰዓቱን ወላጅ ይምረጥ፤ ጠዋት ከሥራ በፊት ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ልጁን መሐል አቁማችሁ አታስወቅሱት። ሲለያዩ ቤት ውስጥ የሚደረግ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ይሂዱ፤ አምስት ምክር የተጫነበት ወላጅ አንዱንም አይፈጽምም።

ተማሪን ለቅጣት ወደ ምክር ክፍል መላክም ይቅር። የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል የሆነ አማካሪ ዘንድ ምሥጢሩን ይዞ የሚመጣ ልጅ የለም።

«ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ንግግሩ ሳይጀመር የምሥጢሩን ወሰን አስረዱ፦ ራሱን ሊጎዳ ካሰበ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ካሰበ፣ ወይም ሰው እየጎዳው ከሆነ ለሚረዳ ሰው ይነገራል፤ ለማን እንደሚነገርም አስቀድሞ ያውቃል።

ጥቃት የደረሰበትን ልጅ ለክፍል ኃላፊው፣ ለዩኒት ሊደሩ፣ ለርዕሰ መምህሩ እያዞሩ ታሪኩን ማስደገም ሁለተኛ ጥቃት ነው። አንድ ሰው ይስማው፣ በልጁ ቃል ይጻፈው፣ «እገሌ ነው አይደል?» የሚል መሪ ጥያቄ አያንሳ። ማጣራቱ የፖሊስና የሐኪም ሥራ ነው። ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት፣ «ሰኞ እናየዋለን» አይባልም። አዲስ አበባ ላይ እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያሉት የአንድ ማዕከል አገልግሎቶች ሕክምናውንና የሕጉን ጉዳይ በአንድ ቦታ ይይዛሉ።

ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ውስጥ ይዘራል የሚል ፍርሃት ብዙ ልጅ አሳልፎ ይሰጣል። አይዘራም። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ቤተሰቡ በዚያው ቀን ይምጣ፤ ቤት ያለ መድኃኒትና ፀረ ተባይ ይቆለፍበት፤ ወደ ጤና ተቋምም ይሂድ።

መርዶን ከልጅ መሸሸግ የኛው ልማድ ነው፤ «አባትህ ውጭ አገር ሄዷል» ይባላል። ልጁ ግን የቤቱን ጥቁር ልብስ ያያል፣ ሹክሹክታውን ይሰማል፣ ያልተነገረውንም ከራሱ ጥፋት ጋር ያያይዘዋል። ቤተሰቡን አሳምኑ፤ የሚቀርበው ሰው «ሞቷል» በሚል ግልጽ ቃል ይንገረው። «ተኝቷል» የተባለ ትንሽ ልጅ መተኛት ይፈራል። ወደ ክፍል ሲመለስም «አይዞህ፣ አታልቅስ» አትበሉት።

ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ልጆችን በክፍል ፊት ያዩትን ማስተረክም መቅረት አለበት። የሚያረጋጋቸው ቋሚ የክፍል መርሐ ግብር፣ የታወቀ መቀመጫና ጨዋታ ነው፤ ማውራት የፈለገ በራሱ ጊዜ ያወራል።

ጠዋት ጠዋት ሆዱን የሚያመው ልጅ መጀመሪያ ይመርመር። ሐኪም ምንም ካላገኘበት ቀኑን መዝግቡ፤ ቅዳሜና እሑድ የሚጠፋ ቁርጠት ትምህርት ቤት ውስጥ የሚፈራው ነገር መኖሩን ይጠቁማል። ለጥቂት ሰከንድ ፈዞ የሚቀርና ሲጠሩት የማይሰማ ልጅም ሁልጊዜ ቸልተኛ አይደለም፤ የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ይታከም። ቤተሰቡ ጸበል ይዞት ከሄደ አትከራከሩ፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ብቻ ተስማሙ።

በመጨረሻ፣ ሪፈር ጽፎ መርሳት። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው «አማኑኤል ሆስፒታል» ሲባል ቤተሰብ ይደነግጣልና ወረቀቱን ከመስጠታችሁ በፊት እዚያ ምን እንደሚደረግ፣ በየትኛው ቀን ማንን እንደሚያገኙ አስረዱ። ከሳምንት በኋላ ደውላችሁ መሄዳቸውን አጣሩ። ካልሄዱም ያስቀራቸው የትራንስፖርት ገንዘብ፣ የሰው አፍ ወይም ፍርሃት መሆኑን ጠይቁና ቀጠሮውን እንደገና አስይዙ።