ወደ ቶማስ ኩን ወረቀቶች ከመግባትዎ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቶማስ ኩን ሳይንስ እንዴት እንደሚለወጥ የነበረንን አመለካከት ካናወጡት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች አንዱ ነው። በ1962 የወጣችው «የሳይንሳዊ አብዮቶች አወቃቀር» ትንሽ መጽሐፍ ናት። ሆኖም ፈላስፋውንም፣ የታሪክ ምሁሩንም፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪውንም እስከ ዛሬ ታከራክራለች። ኩን በ1996 አረፈ። ደብዳቤዎቹ፣ ረቂቆቹና ማስታወሻዎቹ መጨረሻ ላይ ባስተማረበት በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ክምችት ለተማሪ ትልቅ ሀብት ነው። ግን ያሳስታልም። የግል ወረቀት ስለሆነ ብቻ እውነቱን ፍርጥ አድርጎ የሚነግረን ይመስለናል። የሚነግረን ግን ሰውየው በዚያ ቀን፣ ለዚያ ሰው፣ በዚያ ምክንያት የጻፈውን ነው። ከታች ያሉት አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

የታተመውን ሳያነቡ ወደ ካርቶኑ መሮጥ

ይህን አላረዝመውም። ረቂቁ ላይ ምን እንደተለወጠ የሚያውቀው የታተመውን በደንብ ያነበበ ሰው ነው። መጽሐፉን፣ በ1970ው ሁለተኛ እትም የተጨመረውን ድኅረ ጽሑፍና የኋላ ዘመን ድርሰቶቹን ያንብቡ። አለበለዚያ «አገኘሁ!» ያሉት ነገር ሰው ሁሉ ሃምሳ ዓመት ሲያነበው የኖረ ሆኖ ያርፋል።

ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ ብሎ ማሰብ

እንዲህ ካሉ ክምችቶች ኢንተርኔት ላይ የሚያገኙት ባብዛኛው ዝርዝሩን ነው። ካርቶን ቁጥር ይህ፣ ፎልደር ቁጥር ይህ፣ ርዕሱ ይህ ይላል። ወረቀቱ ራሱ ያለው ንባብ ክፍሉ ጋ ነው። ዝርዝሩንም በጥድፊያ አይለፉት። መግቢያው ላይ ወረቀቶቹ እንዴት እንደመጡ፣ እንዴት እንደተደራጁና የትኛው ክፍል ለጊዜው ዝግ እንደሆነ ይጻፋል። ለምሳሌ የተማሪ ውጤትና የድጋፍ ደብዳቤ ያለባቸው ፋይሎች በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለረጅም ዓመታት አይከፈቱም። ይህን የአውሮፕላን ትኬት ከቆረጡ በኋላ ማወቅ ያማል። ስለዚህ አስቀድመው ለሠራተኞቹ ኢሜይል ይጻፉ። የሚፈልጉት ጥቂት ገጽ ብቻ ከሆነ፣ ስካን አድርገው ሊልኩልዎ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ።

የደብዳቤውን አንድ ወገን አንብቦ መፍረድ

ሰው ቤት ውስጥ የሚቀረው ባብዛኛው የተጻፈለት ደብዳቤ ነው። እሱ የጻፈው ሌላ ሰው ጋ ሄዷል። ጥንቃቄ ያለው ሰው የካርቦን ግልባጭ ያስቀራል፤ ሁሉም ግን አያደርገውም። ስለዚህ የአንድን ፈላስፋ ሐሳብ ለመከታተል የሌሎቹን ማኅደር ማሳደድ ግድ ነው።

የሳይንስ ፈላስፋውን ፖል ፋየራባንድን እንውሰድ። የራሱ ወረቀቶች ጀርመን፣ ኮንስታንዝ ናቸው። ለወዳጁ ለፈላስፋው ለኢምሬ ላካቶሽ የጻፋቸውን ለማየት ግን ለንደን መሄድ ያስፈልጋል። የላካቶሽ ወረቀቶች የሚገኙት ሲያስተምርበት በነበረው የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ነው። ለኩን የጻፋቸው ደግሞ አሉ። ሁለቱም በርክሌይ ያስተምሩ በነበረበት ዘመን ፋየራባንድ የኩንን ረቂቅ አንብቦ ረዘም ያሉ ደብዳቤዎች ጻፈለት። ትችቱ ጠንካራ ነበር። ኩን የራሱን እምነት የታሪክ ልብስ አልብሶ ያቀርባል ብሎ ከሰሰው። ደብዳቤዎቹ በ1995 ታትመዋል። ያንን ብቻ ያነበበ ሰው ሁለቱ ጠላቶች ነበሩ ብሎ ሊደመድም ይችላል። አልነበሩም።

የሌሎቹ የዘመኑ የሳይንስ ፈላስፎች ወረቀትም እንዲሁ ተበታትኗል። የካርል ፖፐር ወረቀቶች ካሊፎርኒያ፣ ስታንፎርድ ባለው የሁቨር ተቋም ናቸው፤ የግል መጻሕፍቱ ግን ኦስትሪያ፣ ክላገንፉርት ዩኒቨርሲቲ ነው ያሉት። የሩዶልፍ ካርናፕና የሃንስ ራይሸንባክ አሜሪካ፣ ፒትስበርግ፤ የኦቶ ኖይራት ኔዘርላንድስ፣ ሃርለም። ጦርነትና ስደት እነዚህን ሰዎች በትኗቸዋል፤ ወረቀታቸውም አብሮ ተበተነ።

ታዋቂውን ታሪክ ጭንቅላት ውስጥ ይዞ መግባት

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው።

በፍልስፍና ክፍሎች ለዓመታት ሲነገር የኖረ ታሪክ አለ። የቪየና ክበብ ሰዎች (በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ቪየና ይሰበሰቡ የነበሩ ፈላስፎችና ሳይንቲስቶች) ሳይንስን በሎጂክ ብቻ ሊያስረዱ ለፉ፤ ኩን መጣና የገነቡትን ናደባቸው ይላል። በዚህ ታሪክ ዋናው ተሸናፊ ሩዶልፍ ካርናፕ ነው።

የኩን መጽሐፍ መጀመሪያ የወጣችው ግን የት ነበር? የቪየናው ኦቶ ኖይራት በጠነሰሰው፣ ሳይንስን ሁሉ አንድ ለማድረግ በተነሳው ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ ደግሞ ካርናፕ ራሱ ነበር። በ1960 እና በ1962 ለኩን የጻፋቸው ደብዳቤዎች አሉ። ሥራው ደስ እንዳሰኘው ይነግረዋል። ንድፈ ሐሳቦች ለምንና እንዴት እንደሚለወጡ ለሚያጠና ሁሉ የሚያነቃቃ እንደሚሆን እርግጠኛ ነው። በተለይ ኩን የሳይንስን እድገት ከዳርዊን ዝግመተ ለውጥ ጋር ያነጻጸረበትን ቦታ ወዶታል። ጉዞው ወደ ተቆረጠ ግብ አይደለም፤ ግን መሻሻል አለ። የተሸናፊ ሰው ደብዳቤ አይመስልም።

የሳይንስ ፍልስፍናን ታሪክ የሚያጠናው ጆርጅ ራይሽ በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ እነዚህን ደብዳቤዎች አውጥቶ የተለመደውን ታሪክ እንደገና እንድናየው አደረገ። ልብ ይበሉ፣ ደብዳቤዎቹ ሲጻፉና ራይሽ ሲያወጣቸው መካከል ሠላሳ ዓመት ገደማ አለ። በእነዚያ ዓመታት ታሪኩ ያለ ደብዳቤዎቹ ሲነገር ኖረ።

ተቀባዩ ራሱስ? ኩን በ1993 በታተመ ጽሑፉ የካርናፕን ደብዳቤ በጊዜው እንደ ጨዋነት ብቻ ቆጥሮት እንደነበር በግልጽ ጽፏል። ከካርናፕ ጋር ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ የሚጠቅም ነገር ይወጣል ብሎ አላሰበም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ካርናፕ በ1970 ሞተ፤ ያ ንግግር ሳይደረግ ቀረ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ይመጣል። ደብዳቤውን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ሁለቱ አንድ ነበሩ» ብሎ ይነሳል። ቀስ ይበሉ። ካርናፕ የጻፈው እንደ አዘጋጅ ነው። አዘጋጅ ለደራሲ ሲጽፍ የሚያለዝበው ነገር አይጠፋም። ደብዳቤው የሚያረጋግጠው ካርናፕ መጽሐፉን እንደ ጥቃት እንዳላየው ነው። ፍልስፍናቸው ምን ያህል እንደሚቀራረብ የሚታወቀው የሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን በማንበብ ነው፤ እሱም እስካሁን ያከራክራል።

ሰው ስለራሱ የተናገረውን እንዳለ መቀበል

ኩን በ1947 በጋ ላይ የአርስቶትልን ፊዚክስ ሲያነብ ድንገት ሁሉ ነገር እንደተገለጠለት ደጋግሞ ተናግሯል። የሞኝ ስህተት ይመስለው የነበረው ሁሉ በራሱ መንገድ ትርጉም ሰጠው። ውብ ታሪክ ነው፤ ደርሶበታልም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በስፋት የጻፈው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሐሳቡ ወዴት እንዳደረሰው ያውቃል። በ1947 ለነበረው ኩን የሚቀርብ ነገር ከፈለጉ በ1951 ቦስተን ለሕዝብ የሰጣቸውን፣ የሎዌል ትምህርቶች የሚባሉትን ንግግሮች ያንብቡ። በ2021 ታትመዋል። እዚያ ያለው ኩን መንገዱን ገና እየፈለገ ነው።

ይህን ችግር ኩን ራሱ ከማንም በላይ ያውቀው ነበር። ከ1961 ጀምሮ የኳንተም ፊዚክስን ታሪክ ምንጮች የሚሰበስብ ፕሮጀክት መርቷል። የፊዚክስ ሊቃውንቱን ቃለ መጠይቅ ያደርጋል፤ ደብዳቤና የእጅ ጽሑፋቸውንም ጎን ለጎን በማይክሮፊልም ያስቀዳል። ከዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ ከኒልስ ቦር ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገሩት ኅዳር አጋማሽ 1962 ነው፤ ቦር በማግስቱ ሞተ። ያም ቃለ መጠይቅ ቢሆን ከሰነዶቹ ጋር ተያይቶ ነው መነበብ ያለበት።

ያልተጨረሰን ረቂቅ የመጨረሻ ቃል ማድረግ

ኩን በመጨረሻ ዓመታቱ ትልቅ መጽሐፍ እየጻፈ ነበር። ሳይጨርሰው ሞተ። የተጻፈው ክፍል በ2022 በቦያና ምላደኖቪች አዘጋጅነት ወጥቷል። እዚያ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሲጠቅሱ «ኩን እንዲህ ያምን ነበር» አይበሉ። «በዚህ ረቂቅ እንዲህ ብሎ ሞክሯል» ይበሉ። ደራሲ ረቂቅ የሚያስቀምጠው አንዳንዴ ስላመነበት፣ አንዳንዴም ስላልረካበት ነው።

ፖፐር ከ1930 እስከ 1933 የጻፈው ሰፊ ሥራም የታተመው በ1979 ነው። ከዚያ ሥራ ተቆርጦና ተጨምቆ የወጣው በ1934 የታወቀበት መጽሐፍ ሆነ። የቀረውን ማንበብ ብዙ ያስተምራል፤ ግን ከተጨመቀው ጋር እኩል ሚዛን ላይ አይቀመጥም።

ጽሕፈቱን አነበዋለሁ ብሎ መተማመን

ካርናፕ የግል ማስታወሻውንና ማስታወሻ ደብተሩን የጻፈው በአሮጌ የጀርመን አጭር ጽሕፈት (ቃላትን በምልክት አሳጥሮ የመጻፊያ ዘዴ) ነው፤ ሽቶልዘ-ሽራይ ይባላል። ጀርመንኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው እንኳ ሳይማረው አንድ መስመር አያነብም። ከ1908 እስከ 1935 ያሉት የቀን ማስታወሻዎቹ ተገልብጠው የታተሙት በ2022 ነው። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት «የሚነበብ ግልባጭ አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ቁጥሩን አለመመዝገብ፣ ፈቃዱን መርሳት

ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት የካርቶኑንና የፎልደሩን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ከገጹ ጋር አብረው ያንሱት። ስልክዎ ላይ ቁጥር የሌላቸው ፎቶዎች ካከማቹ በኋላ የቱ ከየት እንደመጣ መለየት ጭንቅ ነው። የፎልደሩን ቅደም ተከተልም አይቀይሩ። ቀን የሌለው ወረቀት ዘመኑ የሚገመተው አጠገቡ ባለው ወረቀት ነውና፣ አንድ ገጽ ቦታ ከቀየረ ቀጣዩ አንባቢ ያንን ምልክት ያጣል።

ከዚያ የቅጂ መብት አለ። ደብዳቤው የተቀመጠበት ተቋም ብዙ ጊዜ የወረቀቱ ባለቤት እንጂ የቃላቱ ባለቤት አይደለም። ያልታተመ ደብዳቤ መብቱ የጻፊው፣ እሱ ከሞተ የወራሾቹ ነው። ኩን ፋይል ውስጥ ያገኙትን የሌላ ሰው ደብዳቤ በረጅሙ ለማተም ከፈለጉ ፈቃድ የሚጠይቁት የኩንን ወራሾች ሳይሆን የዚያን ሰው ወገን ነው። መልሱ ወራት ሊወስድ ይችላል። ጽሑፉ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ጥቅሱን በመረጡበት ሳምንት ይጻፉላቸው።