ልጆችን ይዞ ድንቅነሽን ለማየት መሄድ፦ ከቤት የሚጀምር ጉብኝት

አምስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም በስሙ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባይባልም፣ ድንቅነሽ ወይም ሉሲ የምትባለው ጥንታዊት የሰው ዘር በምትታይበት፣ ከመሬት በታች ባለው ወለሉ ስለ ሰው ዘር ጥንታዊነት የሚያሳየው ነገር የትኛውም ታላቅ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሊኖረው የሚመኘው ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ቤተሰብ ወደዚህ አዳራሽ ገብቶ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይወጣል፤ ልጆቹም ያዩት ነገር የተሰባበረ አጥንት ብቻ ሆኖ ይቀርባቸዋል። እኔም ልጆቼን መጀመሪያ የወሰድኳቸው ያለ ምንም ዝግጅት ነበር። አራቱንም ወለል በአንድ ከሰዓት አዳረስን፤ ማታ ምን እንዳዩ ስጠይቃቸው ግን የነገሩኝ ስለ ደረጃው ብዛት ነበር። ሁለተኛው ጉብኝታችን የተለየ የሆነው፣ ዋናውን ሥራ ከመሄዳችን በፊት ቤት ውስጥ ስለ ሠራነው ነው።

ልጅን የሚያስቸግረው አጥንቱ ሳይሆን የዘመኑ ርዝመት ነው። የድንቅነሽ ዕድሜ የሆነው «3 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት» የሚለው ቁጥር ለሰባት ዓመት ልጅ ከ«ድሮ» የተለየ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ከጉብኝቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ አምስት ሜትር ያህል ሲባጎ ግዙና ከሳሎን ግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘርጉት። አንድ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ይሁን፤ አንደኛውን ጫፍ «ዛሬ» በሉት። ከዚያ ወደ ኋላ እየለካችሁ ባለ ቀለም ክር እሰሩ። በ2 ሜትር ከ60 ላይ በአፋር ከጎና የተገኙት፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ስለሺ ሰማው ያጠኗቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ይውላሉ፤ በ3 ሜትር ከ20 ላይ ድንቅነሽ፣ በ3 ሜትር ከ30 ላይ ሰላም የተባለችው ሕፃን፣ በ4 ሜትር ከ40 ላይ ደግሞ ከሁሉም የምትቀድመው የአፋሯ አርዲ ትታሰራለች። እኛን የመሰለው ሰው፣ ማለትም በደቡብ ኢትዮጵያ ከኦሞ ኪቢሽ የተገኘው ቢያንስ የ233 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው፣ ከ«ዛሬ» ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ይርቃል። በመጨረሻ ልጆቹን ላሊበላን የት እንደሚያስሩ ጠይቋቸው። ስምንት መቶ ዓመት በዚህ ሲባጎ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ክሩ ራሱ ከዘመኑ ይወፍራል። ልጆቼ ዝም ብለው ሲባጎውን ያዩት በዚህ ጊዜ ነበር።

ሁለተኛው የቤት ሥራ አጭር ነው። በግድግዳ ላይ ከወለሉ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። ድንቅነሽ ቆማ ስትሄድ ቁመቷ ይህን ያህል ነበር፤ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ ከምልክቱ ጋር ሊተካከል ይችላል። ሆኖም ድንቅነሽ ልጅ አልነበረችም፤ የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶቿ ስለ ወጡ አዋቂ እንደነበረች ይታወቃል። ይህን ቀድሞ የሰማ ልጅ ሙዚየሙ ውስጥ አጥንቷን ሲያይ «ትንሽ ናት» ብሎ አያልፋትም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትደብቁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በመስታወት ውስጥ የሚያዩት በጥንቃቄ የተሠራ አምሳያ ነው፤ ዋናው አጥንት ለአየርና ለንክኪ ሳይጋለጥ በልዩ ጥበቃ ይቀመጣል። ይህን እዚያ ደርሶ ከሌላ ሰው አፍ የሚሰማ ልጅ እንደ ተታለለ ይቆጥረዋል፤ ከቤቱ ሰምቶ የሄደ ግን ዋናው ለምን እንደሚጠበቅ ራሱ ለታናሹ ያስረዳል።

ስለ መንገዱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ታክሲ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ መካከል ላይ አምስት ኪሎ ብትወርዱ ሙዚየሙ ቅርብ ነው። በበዓል ቀንና በልዩ ዝግጅት ምክንያት ሰዓቱ ሊለወጥ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። በር ላይ ፍተሻ አለና ቦርሳችሁ ቀላል ይሁን። ልጆቹን ቁርስ አብልታችሁ በጠዋት ሂዱ፤ የራበው ልጅ ምንም ቢያሳዩት አያይም። ፎቶ ማንሳት የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን ቦታ ጠይቁ፤ በተፈቀደበትም ቢሆን ፍላሹን አጥፉት።

አዳራሹ ውስጥ ስትገቡ በቀጥታ ወደ ድንቅነሽ ሂዱና ሌላውን ለኋላ አቆዩት። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር 15 ቀን በአፋር ሐዳር፣ አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ጆሃንሰን መሬት ላይ ወድቆ ያየው ከክርኗ የተሰበረ አንድ ትንሽ አጥንት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተፈልጎ የተሰበሰበው ከመላ አጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ነው። አንዱ አምሳያ አጥንቶቿን ተዘርግተው ያሳያል፤ ሌላው ደግሞ የጎደለው ተሟልቶ እንዴት ትቆም እንደነበር ያሳያል። ልጆቹ ሁለቱን እያስተያዩ የትኛው አጥንት በእርግጥ እንደ ተገኘና የትኛው በሳይንቲስቶች ግምት እንደ ተሟላ እንዲለዩ ጊዜ ስጧቸው። ይህ ጨዋታ ይመስላል እንጂ የሳይንስ ዋናው ምግባር ነው፤ የታወቀውን ከተገመተው መለየት።

ቀጥሎ «በሁለት እግሯ መሄዷ በምን ታወቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እናንተ አትንገሯቸው። ይልቁንም ቀጥ ብለው እንዲቆሙና የገዛ እግራቸውን ወደ ታች እንዲያዩ አድርጉ። የሰው ጭን ከዳሌው ተነሥቶ ወደ ጉልበቱ ሲወርድ ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል፤ ስለዚህ ዳሌያችን የተራራቀ ሲሆን ጉልበታችን ይቀራረባል፤ በዚህም አንድ እግራችንን ስናነሣ ሚዛናችን አይናጋም። የቺምፓንዚ ጭን ግን እንዲህ ስለማያዘነብል በሁለት እግሩ ሲሄድ ግራና ቀኝ ይንገዳገዳል። በሐዳር የተገኘው ጉልበት እንደ እኛው ያዘነበለ ነው፤ የድንቅነሽ ዳሌም አጭርና ሰፊ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ለሞላው ልጅ ደግሞ አንድ ክርክር ጨምሩለት፦ በ2016 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ተመራማሪዎች ድንቅነሽ ከዛፍ ወድቃ ሞተች ሲሉ፣ ሌሎች ስብራቱ ከሞተች በኋላ የደረሰ ነው ብለው ተከራክረዋል። እርሱ ለየትኛው እንደሚያደላና ለምን እንደሆነ ይናገር።

ከድንቅነሽ ወደ ሰላም እለፉ፤ ለትንንሽ ልጆች ከሁሉ የምትቀርበው እርሷ ናት። በ1993 ዓ.ም. በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን በአፋር ዲኪቃ ላይ ያገኛት ይህች ሕፃን ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ትሆን ነበር። ፊቷ ከአሸዋ ድንጋይ ብቅ ብሎ ቢታይም የቀረው አካሏ በድንጋዩ ውስጥ ተጣብቆ ስለ ነበር፣ ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት እየፈለፈሉ አጥንቱን ማላቀቅ ዓመታት ፈጅቷል፤ ግኝቱ ለዓለም የተነገረውም በ1999 ዓ.ም. ነበር። እግሯ መሬት ላይ ለመራመድ የተሠራ ሲሆን የትከሻዋ አጥንት የጎሪላን ይመስላል፤ ስለዚህ ዛፍ መውጣትም ሳትችል አትቀርም። ልጆቹ ይህን የደከመበት ሳይንቲስት አክሱም ተወልዶ ያደገ የአገራቸው ሰው መሆኑን፣ ከአርዲ አጽም የመጀመሪያዎቹን አጥንቶች በ1987 ዓ.ም. ያገኘውም ዮሐንስ ኃይለሥላሴ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸውን ተመልከቱ። አጥንቱን እኛ ሰጥተን ዕውቀቱን ሌላው የሚወስድ የሚመስለው ልጅ ብዙ ነውና ይህን ሳትነግሯቸው አትውጡ።

«ዕድሜውን ማን ነገራቸው?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ መልሱ ሞሶብ ውስጥ አለ። እንጀራ ተደራርቦ ሲቀመጥ ከታች ያለው ቀድሞ የተጋገረው ነው። የአፋር መሬትም እንዲሁ በደለልና በእሳተ ገሞራ አመድ እየተነባበረ የተሠራ ነው። በአመዱ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ፖታሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ከፊሉ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ፣ የተጠራቀመውን አርጎን በመለካት አመዱ የወደቀበት ዘመን ይታወቃል። አጥንቱ የተገኘው ከሁለት የአመድ ንብርብር መካከል ከሆነ ዕድሜውም በሁለቱ መካከል ይሆናል።

አያቶች አብረው የሚሄዱ ከሆነ ሌላ ጥያቄም ይነሣል፦ «ታዲያ አዳምስ?» ይህን ጥያቄ በቁጣም በሳቅም አትዝጉት። በእኔ አስተያየት የሚሻለው አዋቂዎች ከመሄዳቸው በፊት ተነጋግረው፣ አዳራሹ ውስጥ አጥንቱ ስለሚያሳየውና ስለ ተለካው ነገር ብቻ መናገር፣ የእምነቱን ጉዳይ ደግሞ ቤት ሲመለሱ በተረጋጋ መንፈስ መወያየት ነው። እናቴ በመስታወቱ ፊት ቆማ «የእግዚአብሔር ሥራ ስፋቱ!» ስትል፣ ልጄ ደግሞ ጉልበቱን እያየ ሲቆም፣ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ መደነቃቸውን አይቻለሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት በዚያው ወለል ከሰው ዘር ጋር አብረው የኖሩትን እንስሳት፣ በተለይ ጥንታዊውን ግዙፍ ዐሣማና ባለ ረጅም ክራንቻውን የድመት ዘር፣ አሳዩአቸው። ከላይ ካሉት ወለሎች ግን በዚያ ቀን አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ልጆች ትልቁን የእንጨት ዙፋን ይወዱታል። ቀሪውን ለሌላ ጊዜ ተዉት።

ሌላ ቀን ስታገኙ ደግሞ አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ውስጥ ያለውን የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎብኙ። በዚያ ቆዳቸው ተሞልቶ የቆሙ የዱር እንስሳትና አእዋፍ ስላሉ፣ አጥንት ብቻ ያየ ልጅ አሁን ሥጋ የለበሰውን ያያል። ስለ ዋልያ፣ ስለ ቀይ ቀበሮና ሣር ግጦ ስለሚኖረው ጭላዳ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም እንደማይገኙ ቀድማችሁ አጫውቷቸው። ግቢው የዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ለጎብኚ ክፍት የሚሆንበትን ቀን ጠይቃችሁ፣ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሲባጎውንም አትጣሉት፤ ከመኝታ ቤቱ በር በላይ ብትሰቅሉት ልጆቹ በትምህርት ቤት የተማሩትን አዲስ ዘመን ሁሉ ይዘው እየመጡ ቦታውን ይፈልጉለታል።