ጥሬ ሥጋ የጀመረ ቡችላ ሲያስቀምጠው የሠራው መላ

የሁለት ወር ተኩል ቡችላ ነው። ወተትና ፍርፋሪ ለምዶ በአንድ ጊዜ ወደ ጥሬ ሥጋ ተዛወረና በማግስቱ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ያዘው። ሥጋው ስብ ነበረበት፤ ጉበትም በዝቶበታል። ጉበት ሲበዛ ብቻውንም ያስቀምጣል።

ጥሬውና ወተቱ ወዲያው ቆሙ። ቡችላን ግን ቀኑን ሙሉ ማስራብ አደገኛ ነው፤ የደም ስኳሩ ወርዶ ይዝለፈለፋል። ሁለት እጅ ቅቅል ሩዝ፣ አንድ እጅ ስብ የሌለው ቅቅል ሥጋ፣ በቀን 5 ጊዜ በትንሽ በትንሹ። ጨውም ዘይትም የለበትም። ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ስለሚያፈርስ የወጥ ትራፊ ፈጽሞ አይሰጠው። ውሃ ሁልጊዜ ከጎኑ ይኑር። የማጅራቱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ ድዱም ከደረቀ ውሃ አጥሮታል፤ ሐኪም ይየው።

ዓይነ ምድሩ ለሁለት ቀን ቅርጽ ከያዘ በኋላ ጥሬው ተመለሰ፦ ለ3 ቀን ሩብ፣ ለ3 ቀን ግማሽ፣ ለ3 ቀን ሦስት አራተኛ። የሥጋው ዓይነት አንድ ብቻ፣ ጉበቱ ከመቶ 5። ከላላ ወደ ቀደመው መጠን መመለስ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ከጣና ዳር የሚገኝ የቀረሶና የአምባዛ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ በነፃም ቢሆን ጥሬውን አይሰጥ፤ ቀቅሎ እሾሁን ማውጣት ይሻላል። ውሃ የቋጠረ የበግ ሳንባና ጉበትማ ይቀበር። ውሃ ቋጠሮው የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው፤ ትሉ በውሻው አልፎ ልጆችን ይይዛል።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ማስመለስና መፍዘዝ አብረው ከመጡ ፓርቮ (ቡችላን የሚገድል የቫይረስ በሽታ) ሊሆን ስለሚችል፣ ሩዝ ሳይቀቀል በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።