ሁለት ከባድ ወንጀሎችን እንዴት እናወዳድር?

«ግድያ ይከፋል ወይስ አስገድዶ መድፈር?» ብሎ መከራከር የትም አያደርስም። የወንጀሉን ስም ተዉትና ድርጊቱን ያዙ። በሕመም የሚሰቃይ አባቱን፣ አባትየው ራሱ ለምኖት የገደለ ልጅ ገዳይ ነው፤ ለገንዘብ ብሎ የማያውቀውን ሰው አድፍጦ የገደለውም ገዳይ ነው። ሁለቱን እኩል የሚያይ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

መጀመሪያ ሐሳቡን ጠይቁ። አቅዶበት ነው? በድንገት ደሙ ፈልቶ ነው? ወይስ በቸልተኝነት? እዚህ ጋ አትቸኩሉ፤ ሕግም ሕሊናም አጥብቀው የሚያዩት ይህንን ነው።

ቀጥሎ ጉዳቱ። ሕግና ሕሊና መንገድ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ለመግደል አነጣጥረው ቃታ ሳቡ እንበል። የአንዱ ጥይት ደረት መታ፣ የሌላው ከሸፈ። የሁለቱም ልብ ያው ነው። ፍርድ ቤት ግን አንዱን በግድያ፣ ሌላውን በግድያ ሙከራ ይጠይቃል፤ በብዙ አገርም ሙከራው ቀለል ያለ ቅጣት ያገኛል። እውነቱን ለመናገር ግማሽ ልቤ ይህን አይቀበለውም፤ ግን ሰው ሞተም አልሞተም ያው ነው ማለትም ያቅተኛል።

ከዚያ ዙሪያውን እዩ፦ ተጎጂው ሕፃን ነው? አድራጊው አደራ የተሰጠው ሰው ነው? አሰቃይቷል? እነዚህ ቅጣት ማክበጃ ናቸው። ማቅለያም አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ቅጣቱን አይቶ ክብደቱን ሲለካ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1977፣ አዋቂ ሴትን አስገድዶ በመድፈር ብቻ የሞት ቅጣት መፍረድ ከወንጀሉ ጋር አይመጣጠንም አለ። በ2008 ደግሞ ሕፃን ተደፍሮ ሕይወቱ ካላለፈም እንደዚያው ወሰነ። ይህን የሰማ ሁሉ «እና መድፈር ቀላል ነው ማለት ነው?» ይላል። በፍጹም! ዳኞቹ ወንጀሉ ከባድ መሆኑን በግልጽ ጽፈዋል፤ የተከራከሩት መንግሥት በቅጣት እስከ የት መሄድ ይችላል በሚለው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የጸደቀውን የሮም ስምምነት ደግሞ ተመልከቱ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የሚሠራው በዚህ ነው፤ ዘር ማጥፋትን ጨምሮ ለየትኛውም ወንጀል ሞት አይፈርድም። እስራቱ እስከ 30 ዓመት ነው፣ እጅግ ለከፋው ዕድሜ ልክ። በቅጣት ብቻ የሚለካ ሰው እንግዲህ፣ ሞት የሚፈርድ አገር ውስጥ አንድ ሰው የገደለው ሕዝብ ከፈጀው ይከፋል ሊለን ነው።