ክንፉ ላይ ውርጭ ሲያድር፦ ችግርና መፍትሄ

በኅዳርና በታኅሣሥ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ በማለዳ የወጣ ሰው ሣሩን ነጭ ሆኖ ያገኘዋል። ይኸው ውርጭ ውጭ ያደረ አውሮፕላንንም አይምርም። እዚህ የምጽፈው ለጀማሪ ቴክኒሻኖችና አብራሪዎች ነው። የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ስሙ።

ምልክት፦ ክንፉ ነጭ ሆኗል፣ ቴርሞሜትሩ ግን 3 ዲግሪ ይላል

ቴርሞሜትሩ አልዋሸም፤ የለካው አየሩን ነው። ሰማዩ በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት የክንፉ ገጽ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል። ከአየሩ ይበልጥ ቀዝቅዞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እርጥበቱም እዚያው ይጋገራል።

«ስስ ናት፣ ሲነሳ ትረግፋለች» የሚል አይጠፋም። አትረግፍም! እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ስስ ውርጭ የክንፉን የማንሳት ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየሩን ጉተታ እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳስቶ መንደርደሪያው ድሮም ረዝሟል።

መፍትሄ፦ ማታውኑ ሃንጋር ማስገባት ወይም ክንፉን መሸፈን። ካልሆነ ፀሐይ መጠበቅ፤ የቀለጠውን ውሃ ግን በጨርቅ አድርቁ፣ ጥላ ያረፈበትንም ጎን እዩ። ጊዜ ከሌለ ውርጭ የሚያቀልጥ የሞቀ የግላይኮል ፈሳሽ ይረጫል። ሁለቱም ክንፎች እኩል ይረጩ። ሞተር አፍ፣ መስኮትና የፍጥነት መለኪያው ቱቦ ላይ በቀጥታ አትርጩ። በብረት አትፋቁ። በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ይዞ የሚመጣውንም መልሱት፤ የፕላስቲክ መስታወት ይሰነጠቃል፣ ውሃውም ማጠፊያዎች ውስጥ ገብቶ እንደገና ይረጋል።

ምልክት፦ በጠራራ ፀሐይ ክንፉ ሥር ውርጭ አለ

ከረጅም በረራ የተመለሰ አውሮፕላን ነው። ታንኩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ከላይ እንደቀዘቀዘ ወርዶ ክንፉን ያቀዘቅዘዋል። ከሥር ያለው ይታያል፤ አንዳንድ አምራቾችም በልክ ይፈቅዱታል። አስቸጋሪው ከላይ የሚሠራው ብርጭቆ መሰል በረዶ ነው፤ በዓይን አይለይም። በታኅሣሥ 1991 (በፈረንጆች) ከስቶክሆልም በተነሳ የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ ጄት ላይ እንዲህ ያለው በረዶ ተሰብሮ ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ጠፉ። ደግነቱ 129ኙም ሰዎች ተረፉ።

መፍትሄ፦ መሰላል አምጥቶ በእጅ መዳሰስ። ሞቅ ያለ ነዳጅ መጨመር ያግዛል፤ መዳሰሱን ግን አይተካም።

ምልክት፦ ተረጭቶ ጸድቷል፣ ጉዞው ግን ዘገየ

ፈሳሹ ክንፉን የሚከላከለው ለተወሰነ ጊዜ ነው። ጊዜው ካለፈ፣ በተለይ ከንጋት በፊት፣ ክንፉ እንደገና ይፈተሻል፤ ውርጭ ከተገኘም እንደገና ይረጫል።