ብልጭ ድርግም የሚል መኪና፦ ችግሩን ስንፈልግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጭራሽ የማይነሳ መኪና ለኤሌክትሪሺያን ቀላል ነው። አስቸጋሪው አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ የሚጠፋው ነው። ጋራዥ ሲደርስ ጤነኛ ይሆናል፤ ወደ ቤት ስትመለሱ ይጠፋል። እኔ እንዲህ ካለ መኪና ጋር አንድ ሙሉ ክረምት ታግያለሁ። አንድ ማታ በዝናብ ስነዳ ዳሽቦርዱ ድርግም አለ፤ ሞተሩም አብሮ ጠፋ። መሪው ከበደኝ። ልጄ ኋላ ተቀምጣለች። እንደምንም ዳር ይዤ ቁልፉን ሳዞረው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሳ።

በማግስቱ ባትሪ ገዛሁ። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። የደከመ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ለማስነሳት ያስቸግራል እንጂ በጉዞ መሀል ሁሉንም ነገር ድርግም አያደርግም። ሞተር ከተነሳ በኋላ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ ያግዘዋል። የሚያሳስተን ሌላ ነገር ነው። አዲስ ባትሪ ሲገባ ማሰሪያዎቹ ይፈታሉ፣ ይጠረጋሉ፣ ይጠብቃሉ። ችግሩም ለጥቂት ቀን ይጠፋል። እኛም «ባትሪው ነበር» ብለን እናምናለን። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። እነዚህ ልክ ከሆኑ ባትሪውን ተዉት።

ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚያልፈው ስህተት፣ ከምን ጋር ምን እንደጠፋ አለማየት ነው። ችግሬን ያገኘው ወጣት ኤሌክትሪሺያን ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍት፣ «ጋሼ፣ ሲጠፋብዎት ሰዓቱስ?» አለኝ። ግራ ገባኝ። ለካ ሰዓቱ ከዚያ ማታ ጀምሮ ወደ 1:00 እየተመለሰብኝ፣ እኔም ዝም ብዬ አስተካክለው ነበር። በብዙ መኪና ሰዓቱ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በቁልፉ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ከተበላሸ ችግሩ ከቁልፉ በፊት ነው፦ የባትሪ ማሰሪያ፣ ግራውንድ (የባትሪውን ኔጌቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ገመድ) ወይም ዋናው ፊውዝ። ሰዓቱና የፊት መብራቱ ደህና ሆነው ዳሽቦርዱና ሞተሩ ብቻ ከጠፉ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቁልፍ ማስነሻው ነው። ከባድ የቁልፍ ዘለላ የምታንጠለጥሉ ሰዎች ይህን አስቡበት። በየጉድጓዱ የሚወዛወዘው ክብደት ማስነሻውን ከውስጥ ይበላዋል።

ሦስተኛው ስህተት ገመድን በዓይን ብቻ ማየት ነው። የእኔ ግራውንድ ገመድ ከላይ ምንም አይልም ነበር። ወጣቱ ኤሌክትሪሺያን የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ አደረገ። የገመዱ ማሰሪያ ላይ ሳይሆን ራሱ የባትሪው የእርሳስ ጉጥ ላይ ነው። ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ አሳረፈና «አሁን ያስነሱ» አለኝ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር ንባቡ ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም። የእኔ አንድ ተኩል አለ። ገመዱን ፈትቶ ማሰሪያው አጠገብ በቢላ ሲሰነጥቀው፣ ከፕላስቲኩ ሥር ያለው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። በጣቴ ስነካው ረገፈ። ኮብልስቶን ላይ ስነዳ የቀሩት ጥቂት ሽቦዎች ይላቀቁና ይነካኩ ነበር ማለት ነው። የገመዱ ዋጋ ከባትሪው በጣም ያነሰ ነው።

አራተኛውን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፣ አታድርጉት። ዲናሞ ለመፈተሽ ብሎ ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ መንቀል የድሮ ልማድ ነው። ባትሪው ከዲናሞው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ያረጋጋል። ድንገት ሲነቀል ቮልቱ በቅጽበት ከመጠን በላይ ሊዘልና የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። በቴስተር የሚታወቅን ነገር በዚህ መንገድ መፈተን ኪሳራ ነው።

ፊውዝ ላይ ብዙ አልልም። 10 አምፒር የነበረበት ቦታ 30 አምፒር ወይም የሽቦ ቁራጭ አታስገቡ። ፊውዙ ካልተቃጠለ ሽቦው ይቃጠላል፤ ከዚያ እሳት ነው።

ሌላው፣ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ መነካካት ነው። ሶኬቱን ሁሉ ነቅለን ስንመልስ ችግሩ ይጠፋል፤ የቱ እንደነበር ግን አናውቅም። በወሩ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ከዜሮ እንጀምራለን። መኪናውን አቁማችሁ፣ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ ሞተርና መብራት አብሩ። ከዚያ አንዱን የሽቦ እስር ብቻ ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙ። ሌላ ሰው ዳሽቦርዱን ይይላችሁ። እጃችሁን ከቺንጋና ከማራገቢያው አርቁ። ችግሩ የሚመጣው ዝናብ ሲዘንብ ነው? ሞተር ሲግል ነው? ሞተሩ በውኃ ከታጠበ በኋላ ነው? ጽፋችሁ ለኤሌክትሪሺያኑ ስጡት። «አንዳንዴ ይጠፋል» ብቻ ስትሉት በጨለማ ነው የምትልኩት።

በመጨረሻ ከመሪው ሥር ተመልከቱ። አላርም፣ ጂፒኤስ ወይም ቴፕ ሲገጠም ብዙ ጊዜ የቁልፉ ሽቦ ተልጦ፣ አዲሱ ሽቦ ተጠምዝዞበት በፕላስተር ይጠቀለላል። ፕላስተሩ ሙቀት ሲነካው ይላቀቃል፤ ሽቦውም ይላላል። እንዲህ ያለ ቦታ ካገኛችሁ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ከዚያ ሽቦው በደንብ ተበይዶ እንዲሸፈን አድርጉ፤ ኔጌቲቩን ግን መጨረሻ ላይ መልሱት።