ጨርቅን በኢንዲጎ ሰማያዊ ማቅለም፦ መጀመሪያ ሰማያዊው ይጥፋ

የመጀመሪያው ባልዲዬ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሲሆን ደስ አለኝና ቲሸርት ነከርኩበት። ሳጥበው ቀለሙ በሙሉ ከውሃው ጋር ሄደ። ለካ ኢንዲጎ፣ ያ ከተክል ቅጠል የሚወጣው ቀለም፣ ሰማያዊ እያለ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ክር ውስጥም አይገባም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፍሩክቶስ (የፍራፍሬ ስኳር) በሚባልበት ቦታ የሻይ ስኳር ጨምሬ ነበር። የሻይ ስኳር ኢንዲጎን ወደሚሟሟ መልክ አይለውጠውም።

ለ5 ሊትር ውሃ 20 ግራም የኢንዲጎ ዱቄት፣ 40 ግራም ውሃ የጠጣ የኖራ ዱቄትና 60 ግራም ፍሩክቶስ ይበቃል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ ያዙት። ኢንዲጎ ተብሎ ለፀጉር የሚሸጠው አረንጓዴ ዱቄት የደረቀ ቅጠል እንጂ ተጣርቶ የወጣ ቀለም ስላልሆነ አትግዙት። ኖራው ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንት አድርጉ።

ኢንዲጎውን በጥቂት ሙቅ ውሃ አሹት። 50 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውሃ ላይ ጨምሩት፤ ፍሩክቶሱን፣ ከዚያ ኖራውን ቀስ እያላችሁ አስከትሉ። አረፋ ሳታስነሱ አማስሉና ክደኑት።

አሁን ትዕግሥት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክፈቱና እዩ። ላዩ መዳብ የመሰለ ስስ ሽፋን ከያዘ፣ ከሥሩ ያለው ፈሳሽም ቢጫ ወይም ቢጫ አረንጓዴ ከሆነ ደርሷል። አሁንም ሰማያዊ ነው? መልሳችሁ አሙቁት፤ እምቢ ካለ ትንሽ ፍሩክቶስ ጨምሩ። እኔ በዚህ ሰዓት በየአሥር ደቂቃው እያማሰልኩ አየር አስገባሁበት፤ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ተዉት።

የጥጥ ጨርቁን በደንብ አጥባችሁ እርጥቡን አስገቡ። ዝቃጩን እንዳይነካ። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ አየር ሲያገኘው ዓይናችሁ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ሩብ ሰዓት አናፍሱና መልሱት። ደማቅ ቀለም የሚመጣው ከድግግሞሽ ነው፤ ጨርቁን አሳድሮ ማውጣት የሰነፍ ዘዴ ነው፣ አይሠራም። ሱፍና ሐር ግን ይህን ያህል ኖራ አይችሉም።

በመጨረሻ እጠቡት፤ ጥቂት ኮምጣጤ ባለው ውሃ አለቅልቁት።

ሃይድሮሰልፋይት የሚባለው ኬሚካል ይህን ሁሉ በደቂቃዎች ይጨርሳል። ሽታው ግን አይጣል ነው፤ ፍሳሹም ወንዝ ይበክላል። እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ እየተሸጠ ገበያውን በያዘው የፋብሪካ ኢንዲጎ ፋንታ የቅጠሉን መርጦ በሃይድሮሰልፋይት ማቅለም ለኔ ትርጉም የለውም። የፍሩክቶሱን ባልዲ ደግሞ አትድፉት። ሲደክም አሙቁት፣ ፍሩክቶስና ኖራ ጨምሩለት፤ ለሳምንታት ይሠራል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ፈዛዛ ሰማያዊ ለሻርፕ ይሆናል፤ እኔ እንዲያውም ከደማቁ ይልቅ እሱን እወዳለሁ።